ከመንታዎቹ ታላቁ ማነው?

የመንታን ታላቅና ታናሽ መለየት የአዋላጅ ሥራ ነው። በማሌዥያዋ ኳላ ላምፑር ጎን ለጎን የቆሙት የፔትሮናስ ሕንፃዎች ግን አዋላጃቸው ሁለት ስለነበር ጣጣው ለሊቃውንት ተርፏል። አንደኛውን የጃፓኑ ሃዛማ የመራው ቡድን፣ ሁለተኛውን የኮሪያው ሳምሰንግ የመራው ቡድን ገነባ። ጃፓኖቹ ቀድመው ጀመሩ፤ ዘግይተው የተነሡት ኮሪያውያን ጫፉ ላይ ቀድመው ደረሱ።

ነገሩ ለኦሪት አንባቢ እንግዳ አይደለም። የትዕማር መንታዎች ሲወለዱ ዛራ እጁን አስቀድሞ ቢያወጣ አዋላጂቱ ቀይ ፈትል አሰረችለት፤ እጁን ሲመልስ ፋሬስ ቀድሞት ወጣ። የሕንፃዎቹ ነዳፊ፣ አርጀንቲና የተወለደው ሴዛር ፔሊ፣ ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ስለሣላቸው ፈትል የሚታሰርበት ቦታ አልተወም።

ቁመትም አይለያቸውም፤ እያንዳንዳቸው 88 ፎቅ፣ 452 ሜትር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ረጅምነት ማዕረግ ከቺካጎው ሲርስ ታወር ወደ መንታዎቹ ሲዛወር፣ ክርክሩ የጉልላት ነበር። ሲርስ 110 ፎቅ አለው፤ ሰው የሚሠራበት የመጨረሻ ፎቁም ከመንታዎቹ የመጨረሻ ፎቅ ከፍ ይላል። የሕንፃዎችን ቁመት የሚዳኙት ባለሙያዎች ግን ጉልላትን እንደ ፀጉር፣ አንቴናን እንደ ባርኔጣ ቆጠሩ። ባርኔጣ አይለካም ተባለ። የታይዋኑ ታይፔ 101 እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪመጣ ድረስ መንታዎቹ ማዕረጉን ይዘው ቆዩ።

የወንድማማችነታቸው ዋና ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰው 41ኛውና 42ኛው ፎቅ ላይ የተዘረጋው ድልድይ ነው። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ድልድዩ ከሁለቱም ጋር አልተቸነከረም፤ ነፋስ ሲያወዛውዛቸው አንዱ ሌላውን እንዳይጎትት ጫፎቹ ይንሸራተታሉ። ለውርስ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ቤተሰብ ይህን አሠራር ቢያጠናው አይከፋም። በአንዱ ሕንፃ አደጋ ቢደርስ ሰው በድልድዩ በኩል ወደ ሌላው እንዲሸሽ ታስቧል። ከኒውዮርኩ ጥቃት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2001፣ በሐሰተኛ የቦምብ ማስፈራሪያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲለቀቁ ሲታዘዝ ግን የድልድዩ ጥቅም ጠፋ። የእያንዳንዱ መሸሸጊያ ሌላው ነበርና።

ብኩርናው በመጨረሻ የተለየው በኪራይ ነው። ጋምቤላና ኦጋዴን ድረስ ነዳጅ ፍለጋ የመጣው የማሌዥያ የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮናስ አንደኛውን ሕንፃ ከእህት ኩባንያዎቹ ጋር ሞልቶ ተቀመጠበት። ቀድሞ ጫፍ የደረሰው ሁለተኛው ቢሮዎቹን በብዛት ያከራያል።