ካንዴላ የሌላት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል በጣም ደስ አለኝ። እስከዚያ ድረስ አውቶሞቢል ያልገዛሁት ገንዘብ አጥቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሕግ አክብሬ ሆነ። ባጠራቀምኳት ሳንቲምም የኤሌክትሪክ ስኩተር ገዛሁ። ሞተር ሳይክል እንዳትባል ድምፅ የላትም፤ ብስክሌት እንዳትባል ፔዳል የላትም። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደሚባለው ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ሽንኩርት ላከችኝ። ጉሊት ሄጄ ሁለት ኪሎ ገዛሁ፣ ፌስታሉን መሪው ላይ አንጠለጠልኩና ቁልፉን አዞርኩ። የፊት መብራቷ በራ፤ የኋላ ቀይ መብራቷም ቦግ አለ። ጋዝ ስሰጣት ግን ዝም። ክላክስ ነካሁ፤ ጮኸች። ጋዝ ሰጠሁ፤ አሁንም ዝም። ለመናገር ፈጣን፣ ለመሥራት እምቢተኛ! መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ስለማውቅ ብዙም አልገረመኝም።

እየገፋሁ ወደ ቤት አመራሁ። ሲቀመጡባት የማይታወቀው ክብደቷ ሲገፏት ይታወቃል። አምስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው የተሸከመችው፤ ያውም የእርሳስ ባትሪ። በላብ ተጠምቄ ግቢ ስገባ ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«ሽንኩርቱስ?»

«ቆይ እስቲ፣ ስኩተሯ ሞታብኛለች!»

በድርብ እግሯ አቆምኳት። ለቅሶ የሰማ ሁሉ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የደረሱት ጡረተኛው ሹፌር ጎረቤታችን ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሯትና፣

«ካንዴላዋን ፈተህ አይተሃል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ካንዴላ የላትም።»

«ሰርቀውሃላ!»

ከፋብሪካ ስትወጣም እንዳልነበራት ላስረዳ ሞከርኩ። ጋሼ በሐዘን አዩኝ። «እንግዲያው ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ትገፋ» አሉ። ማርሽም እንደሌላት ስነግራቸው ሌባው ምን ያህል ጊዜ አግኝቶ እንደሠራ እያሰቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። የግቢው ልጆች ግን «ትገፋ» የምትለዋን ቃል ይዘው ስኩተሯን፣ እኔንና ሽንኩርቱን ሦስት ዙር አዞሩን። የተነሳ ነገር ቢኖር አቧራ ብቻ ነው።

«አንተ! ዘይቱ ተቃጠለ እኮ፤ ሽንኩርቱን አታመጣም?»

«መጣሁ አልኩሽ!»

አልመጣሁም፤ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ቴስተሩን ይዞ ደርሶ ነበርና። ስኩተሯን ድርብ እግሯ ላይ መልሰን አቆምናት። ልጁ ሥራውን ያውቃል። ባትሪውን ለካ፤ 63 ቮልት፣ ጤነኛ። ፊውዙን አየ፤ አልተበጠሰም። የጋዙን ሶኬት ፈልጎ ለካው፤ እጀታው ሳይነካ 1 ቮልት ገደማ፣ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ከ3 በላይ። እሱም ደህና ነው። ላቡን ጠረገና የኋላውን ቀይ መብራት በጣቱ እያሳየ፣ «መብራቷን እዩት፣ እንዴት እንደደመቀ! ባትሪ አይደለም። ይሄ ኮንትሮለር ነው» ብሎ ፈረደ። ዋጋውን ሲነግረኝ ጋሼ እንኳ ካንዴላውን ረሱት።

ተስፋ ቆርጬ ኮርቻዋ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ተኮራረፈ ሰው ጋዙን ጠምዝዤ ይዣለሁ። ባለቤቴ ማማሰያዋን እንደያዘች መጣች፤ ማንንም ሳታናግር ፌስታሉን ከግራው እጀታ መንጭቃ አወረደች።

ቀዩ መብራት ደብዘዝ አለ፤ አየር ላይ የነበረው የኋላ ጎማ እንደ ወፍጮ መሽከርከር ጀመረ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ጋዙን ለቅቄ ዘለልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኤሌክትሪክ ስኩተር የፍሬን እጀታ ውስጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ፍሬን ሲያዝ የኋላውን መብራት ታደምቃለች፤ ለኮንትሮለሩም መልእክት ትልካለች፣ እሱም ሞተሩን ይቆርጣል። ፍሬኑ ጎማውን እስኪይዝ እንኳ አትጠብቅም፤ እጀታው ጥቂት ዝቅ ካለ ይበቃታል። ግራው ፍሬን ላይ የተንጠለጠለ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ደግሞ እጀታውን ዝቅ ማድረግ አያቅተውም። ሁላችንም የጤንነቷ ማስረጃ ነው ያልነው ቀይ መብራት፣ ለካ ግማሽ ቀን ሙሉ «ፍሬን ይዛችሁኛል!» እያለ ይጮህ ነበር። አልተበላሸችም፤ ታዛዥ ነበረች።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ስኩተርህ መብራቷ በርቶ አልሄድ ካለችህ ኪስህን ከመዳበስህ በፊት ወደ ኋላ ዞረህ እይ። ፍሬን ሳትይዝ የፍሬን መብራቷ ከደመቀ እጀታዎቹን አንድ በአንድ ፈትሽ፤ የተንጠለጠለ ነገር ካለ አውርድ፣ እጀታው ከተጣበቀ አላቅቅ። የጎን ማቆሚያው እግርም ሲዘረጋ ሞተር የሚቆርጥባቸው ስላሉ እጠፈው። ፊውዝና ባትሪ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ኮንትሮለር መጨረሻ ነው።

ለኤሌክትሪሺያኑ የድካሙን ከፈልኩት፤ ምሳም በላ፣ ወጡ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷልና። ጋሼ ግን አልተቀበሉኝም። ካንዴላዬን የወሰደው ሌባ እስኪያዝ ድረስ ግቢው በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።