መረጃው ላልደረሰው መሥሪያ ቤት

የካቲት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ክቡር ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም ያልጻፍኩት ንቄ አይደለም። በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ግማሹ ፊደል ረግፏል፤ የቀረውን ገጣጥሜ ሌላ መሥሪያ ቤት እንዳልሰድብ ብዬ ነው። ሊብሬ የሚሰጠው ቤት ስል ግን እርስዎ መሆንዎን ያውቁታል።

አስቀድሜ ስለ መስተንግዶው ላመስግን። ከሸዋ ሮቢት የመጣሁት ለአንዲት አሮጌ ፒክአፕ የስም ዝውውር ነው። ታርጋዋ የአዲስ አበባ ስለሆነ ፋይሏ እናንተ ዘንድ ተኝቷል። ስሙ ካልዞረ ቦሎ የለም፣ ቦሎ ከሌለ ከግቢ መውጣት የለም፤ ስለዚህ ባለመኪናው በአውቶቡስ ጣርማ በርን ተሻግሬ እሑድ ማታ ላምበረት አልጋ ያዝኩ። ቀጠሮዬ ሰኞ ጠዋት 2፡30 ነበር።

ሰኞ ስነሳ አንድም ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ አስፋልት ላይ የለም። ጥፋት በነጥብ እየያዘ መንጃ ፈቃድ እስከ ማገድ የሚደርሰውን አዲስ ደንብ ተቃውመው ሹፌሮቹ አድማ መትተዋል። ተራ አስከባሪዎቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆመዋል። አንበሳ አውቶቡስ ሲመጣም በሩን መዝጋት አልቻለም። መገናኛ ላይ የባቡሩ ሰልፍ ጫፉ አይታይም። በእግሬ ቀጠልኩ። የይፋት ሰው በእግር መሄድ አይፈራም፤ እሑድ እሑድ ግመሉን እየሳበ ሰንበቴ ገበያ የሚወጣው ሕዝብ ታክሲ ጠብቆ አያውቅም። ግን ሰንበቴ ሲደርሱ ገበያ አለ፤ እናንተ ዘንድ ሲደርሱ ዘበኛ ነው ያለው።

ለእህቴ ልጅ የያዝኩትን ፓፓዬ አገላብጦ አየው።

«ለማን ነው?»

«ለእህቴ ልጅ።»

«እዚህ ነው የምትሠራው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋል?»

ፓፓዬው በር ላይ ቀረ። እኔ ገባሁ። የቀኝ ጫማዬ ሶል መንገድ ላይ ስለተላቀቀ ኮሪደሩን በሙሉ እያጨበጨብኩ ሄድኩ፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። መስኮት 7 ያለችው ልጅ ሰዓቷን ተመለከተች።

«አባባ፣ ቀጠሮዎ 2፡30 ነበር። አሁን 3፡40 ነው።»

«ልጄ፣ ታክሲ እኮ የለም።»

«እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት መረጃ አልደረሰንም።»

ከጀርባዋ ባለው መስኮት፣ ታጥቦ የቆመው የመሥሪያ ቤታችሁ ሰርቪስ ይታያል። ታክሲ እንዳልነበረ የሚገልጽ ማስረጃ ካለኝ እንዳመጣ ነገረችኝ። ከማን? «ከሚመለከተው አካል።» የሚመለከተው አካል ማን ነው? ትንሽ አሰበችና፣ «እሱማ እኛ ነን፤ እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ ግን አንሰጥም» አለች። ቅንነቷን አደነቅሁ።

ከዚያ ግማሽ ወረቀት ገፋችልኝ፤ ማመልከቻ ልጽፍ። «ታክሲ ባለመኖሩ ስለዘገየሁ» ብዬ ጻፍኩ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። «'በራሴ ጥፋት' ነው የሚባለው አባባ፣ አጻጻፉ እንደዚያ ነው» አለች፣ ሰልፉ በሙሉ እየሰማ። ሰልፉ ደግሞ እንደኔው በእግሩ የመጣ፣ ላቡ ያልደረቀ ሕዝብ ነው። ጡረታ እስክወጣ የሰው ልጅ ድርሰት ሳርም የኖርኩ መምህር ነኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ «በራሴ ጥፋት»። ፈረምኩም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ አልዘገየሁም! ከተማው ቆሞ እኔ ነኝ የሄድኩት። በሰርቪስ ተኮፍሳችሁ መጥታችሁ፣ በእግሩ የመጣውን ሽማግሌ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም የምትሉት ምን ዓይነት ሰዎች ብትሆኑ ነው? ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ። አይ፣ ይቅርታውን መልሼ ወስጃለሁ።

ስለ ታክሲ እጥረቱ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ደንቡ ሌሎች ይጻፉ፤ እኔ ቆለኛ ምን አገባኝ። ብቻ የካቲት ላይ ታክሲ ሲቆም፣ ከዚህ በፊት እንኳን ያልሰማ ፈጥኖ የሰማም አልዳነም። በ1966 ነዳጅ 50 በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲዎች የካቲት 11 ቆሙ፤ ቤተ መንግሥቱ እንኳ ቶሎ ሰምቶ ዋጋውን ቀንሷል። ቢቀንስም፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው። አሁንም መንግሥት ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበትን ጊዜ በ3 ወር አራዝሞታል። መረጃው ሁሉም ጋ ደርሷል፤ የቀረው መስኮት 7 ብቻ ነው።

አሁን የምጽፍልዎ ስለ አዲሱ ቀጠሮዬ ነው። ማመልከቻዬ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ለረቡዕ የካቲት 23 ተቀጥሬያለሁ። ነገ ማለት ነው። ነገ የዓድዋ ድል 120ኛ ዓመት ነው፤ አገር ምድሩ ዝግ ነው። የአልጋዬን ሒሳብ ላንድ ሌሊት ጨምሬ ከፍያለሁ። እውነት ቢሮው ይከፈታል? ወይስ በዓል ስለመሆኑም ከሚመለከተው አካል ማስረጃ ላምጣ?

ከተረፈችኝ አክብሮት ጋር፣
የመስኮት 7 ባለጉዳይ