ሁሉም ሳቶ

የጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 750 እንደ እኩልነት የሚወደው ነገር የለም። ተጋቢዎች የባልን ወይም የሚስትን የቤተሰብ ስም በነፃነት መርጠው አንዱን ይይዛሉ። ከመቶ ጥንዶች ወደ 95ቱ የባልየውን መምረጣቸው መቼም የዕጣ ነገር ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2021 ሕገ መንግሥቱ እንዳልተነካ አረጋግጧል።

ሚስትም ቢሆን አልተረሳችም። ከጠየቀች የድሮ ስሟ ፓስፖርቷ ላይ በቅንፍ ይጻፍላታል። ቺፑ ውስጥ ግን አይገባም፤ የድንበር ማሽን ምን በወጣው ቅንፍ ያነባል!

በ2024 አንድ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አስልተው፣ ሕጉ ካልተለወጠ በ2531 የጃፓናዊ ሁሉ የቤተሰብ ስም «ሳቶ» ይሆናል አሉ። ያኔ ሙሽራዋም፣ አማቷም፣ ዳኛውም፣ የፓስፖርት ሹሙም ሳቶ ናቸው፤ የሚቀየር ስም የለም። መፍትሔው 500 ዓመት ገደማ ነው የቀረው፤ እህቶች፣ ትንሽ ታገሱ እንጂ!