የጆርጅ ፎርማን ይግባኝ፤ ከነሐተታው

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. በዛየር ዋና ከተማ በኪንሻሳ፣ ደብተራ ለማሕሌት በሚቆምበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም (ሰዓቱ የተመረጠው ለአሜሪካ ተመልካች እንዲመች እንጂ ለጸሎት አይደለም)፣ የ25 ዓመቱ ጆርጅ ፎርማን በ32 ዓመቱ መሐመድ ዓሊ በግራ ተመትቶ፣ በቀኝም ተደግሞ፣ በስምንተኛው ዙር በዝረራ ከወደቀ ወዲህ፣ «ቢደገም ኖሮስ?» የሚለው ጥያቄ ሊቃውንተ ቡጢን ሲያከራክር ኖሯል፤ እኛም ጉዳዩ እስከ ዛሬ ወግ ባለው ሐተታ አለመመርመሩ ስላሳዘነን፣ አቅማችን በፈቀደ መጠን ልንተረጕመው ተነሥተናል።

ይግባኝ ባዩ ወደ ዛየር የገባው 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም ረትቶ፣ ከእነዚያም 37ቱን በዝረራ ጥሎ ስለ ነበር፣ መሸነፉ ምክንያት አስፈለገው፤ ምክንያቱም በሦስት ወገን ይተረጐማል። አንድም ገመዱ ላልቶ ነበር፤ አንድም የዳኛው ቈጠራ ፈጥኖ ነበር፤ አንድም ከፍልሚያው በፊት የጠጣው ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ይል ነበር። ውሃው ተጠጥቶ ያለቀ ማስረጃ ስለ ሆነ እናልፈዋለን። በቈጠራው ረገድ፣ ከ9 ቀጥሎ 10 እንደሚመጣ በመምህራን ዘንድ ልዩነት የለም፤ ዳኛው ዛክ ክሌይተን ቈጥሮ ሲጨርስም ፎርማን ገና በመነሣት ላይ ነበር። የገመዱ ነገር ግን ሰፊ ነው። የዓሊ አሠልጣኝ አንጄሎ ዳንዲ ሆን ብሎ አላልቶታል ተብሎ ታምቷል፤ እርሱ ሙቀቱ ያላላውን እንዳጠበቀ ተናግሯል። ይሁንና ላላም ጠበቀም፣ የተወጠረው ለሁለቱም ነበር። ዓሊ ጀርባውን ለገመዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን በክንዶቹ ከልሎ ሲያርፍ፣ ፎርማን ዝናብ እንዳስፈራራው የአውድማ ወቂ ያለ ዕረፍት ሲወቃ ቆይቶ፣ ነዶው እንዳለ ሳለ ወቂው አለቀ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ፎርማን በቶሮንቶ በአንድ ቀን አምስት ሰዎች ተራ በተራ ገጥሞ ጕልበቱ እንዳልጐደለ ሊያስረዳ ቢሞክር፣ ዓሊ ከመፋለሚያው ዳር ሆኖ በአፉ ሲጐስመው ዋለ፤ ይህን እኛ ዘጠነኛ ዙር ብለን ቈጥረን ለዓሊ ሰጥተነዋል።

የይግባኝ ባዩ ወገኖች ከሁሉ አብልጠው የሚመኩበት ማስረጃ ግን ጥቅምት 26 ቀን 1987 ዓ.ም. የተገኘው ነው፦ የ45 ዓመቱ ፎርማን ያንኑ የኪንሻሳ ቁምጣ ታጥቆ፣ በነጥብ ሲመራው የቆየውን የ26 ዓመቱን ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ዘረረው። ይህኛው ፎርማን የ1967ቱን ዓሊ ቢገጥም ይረታ ነበር ይላሉ፤ ይረታም ይሆናል። ነገር ግን ዘጠኝ ዙር እየተመቱ መታገሥን ይህ ሰው ከማን ተማረው ብለን ስንመረምር፣ መምህሩ በኪንሻሳ ገመድ ተደግፎ የነበረው ሰውዬ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እንግዲህ ይግባኙን ሊረታ የሚችለው ፎርማን አስቀድሞ የተረታው ፎርማን ብቻ ስለ ሆነ፣ የፊተኛው ፍርድ ቢሻር ወገኖቹ ማስረጃቸውንም አብረው ያጣሉ።

ከዚህም በላይ፣ በ1989 ዓ.ም. ያንን ፍልሚያ የሚተርከው ዘጋቢ ፊልም በሎስ አንጀለስ ኦስካር በተሸለመ ምሽት፣ በፓርኪንሰን ሕመም የደከመውን ዓሊን ደግፎ ወደ መድረኩ ያወጣው ራሱ ይግባኝ ባዩ ስለ ነበር፣ ክርክሩን በፈቃዱ እንደ ተወ ተቈጥሮበታል።

ስለዚህ የኪንሻሳው ፍርድ ጸንቷል። ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር የተመደበላቸው ስለ ነበር፣ ወጪና ኪሣራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።