ሞዛርት በቪዛ መስኮት

ሐምሌ ገብቶ እኛ ጃንጥላ ስንፈልግ አውሮፓ በጋ ነው። ጊታር ያነገተ አንድ ወጣት ሃምቡርግ ላይ ባቡር ይሳፈራል። የት እንደሚወርድ አልወሰነም። ፕራግ ደስ ካለው ፕራግ ያድራል፤ ቪየና ላይ ጆሮ የሚሰጠው ካገኘ ይሰነብታል። ኢንተርሬይል የሚሉት፣ በአንድ ትኬት ብዙ አገር የሚያዞረው የባቡር ጉዞ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ነፍስ መንገዱን ጠርጎለታል። ሙዚቀኛ እግሩ ወዳመራው ሲሄድ ነው ዜማ የሚወለደው ይላሉ። ይሁን። የጎንደር አዝማሪም ሰርግና ጠጅ ቤት እያሸተተ አገር ሲያዳርስ የኖረው መርሐ ግብር አስጸድቆ አይደለም።

ታዲያ የእኛው አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ዘንድሮ ድንገት ብድግ ቢል ማን ይከለክለዋል? ማንም። ድንገተኛነቱን አስቀድሞ ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

እዚህ ላይ አውሮፓውያኑ ሊመሰገኑ ይገባል። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአውሮፓ የሚባረሩ ዜጎቹን በመቀበል በኩል በቂ ትብብር አላደረገም ብሎ፣ በደንቡ 15 ቀን የነበረውን የቪዛ ውሳኔ ለእኛ 45 ቀን አደረገልን። ሰዎች ቅጣት ነው ይላሉ። እኔ ክብር ነው ባይ ነኝ፤ የገዛ አድማጩ እንኳ አንድን ዘፋኝ 45 ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ አጥንቶት አያውቅም። የማመልከቻው 90 ዩሮም ቢሆን፣ ለተከለከለ ሰው የማይመለሰው፣ ድሃ አገር ለሀብታም አህጉር የምትለግሰው መጠነኛ የኪነ ጥበብ ድጎማ ነው።

ወረቀቱ ይቀጥላል። የሚያድርበት ሆቴል፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን፣ የባንክ ስቴትመንት። ለአዝማሪ የባንክ ስቴትመንት! ግንባሩ ላይ የተለጠፈለትን መቶ ብር በየትኛው ቅርንጫፍ ማኅተም ያስመታበት? ቪዛው ቢሰጠውም የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ናት። ከፓሪስ ለንደን ብቅ ብዬ ልመለስ ካለ (የለንደኑ ራሱ ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ወረቀት ነው) የፓሪሱ በር ከኋላው ተዘግቷል።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። በሰኔ 1763 ሊዮፖልድ ሞዛርት የሚባል የሳልዝቡርግ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በሠረገላ ጭኖ ተነሣ። ሙኒክ፣ ብራስልስ፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ሄግ። ቤታቸው የተመለሱት በኅዳር 1766 ነው። አንድ ንቁ የቪዛ ሠራተኛ መስኮቱ ላይ ቢኖር ኖሮ ነገሩ በአጭር በተቀጨ ነበር።

«ስንት ቀን ይቆያሉ?»

«እንደ ሰሚው ነው፣ ጌታዬ።»

«ማን ጋበዘዎት?»

«ስንደርስ ይጋብዙናል።»

«የገቢ ምንጭዎ?»

«ልጄ ቮልፍጋንግ።»

«ዕድሜው?»

«ሰባት።»

«የጤና መድን?»

«እግዜር አለ።»

እግዜር ነበረ፤ ሄግ ላይ ሁለቱም ልጆች ለሞት ተቃርበው ተርፈዋል። ትንሹ ልጅ ግን ከዚያ በፊት ለንደን ላይ የባሰ ጥፋት ፈጽሟል። በስምንት ዓመቱ የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ጻፈ። ያለ ሥራ ፈቃድ!

ደግሞስ ሙዚቃችን ተከለከለ የሚል ማነው? የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 (እ.ኤ.አ.) ብራስልስ ባለ አሳታሚ አውሮፓን አዳርሳለች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የአልበም ስብስብ ከፓሪስ እየወጣ የአዲስ አበባን የድሮ ሸክላዎች በየሳሎኑ አስገብቷል። ሸክላ አሻራ አይሰጥም። ወደ አገሩ ለመመለሱ ማረጋገጫ ያቅርብ ያለውም አልነበረም፤ እውነትም አልተመለሰም።

የሙዚቃ ባለሙያዎቻችን ያላስተዋሉት ሌላም ውለታ አለ፤ ቆንስላው ቅንብር ይሠራል። ስምንት ሰው ያለው ባንድ ያመለክታል። ዘፋኙ ይፈቀድለታል፤ ሳክስፎኒስቱ ወጣትና ያላገባ ስለሆነ ይቀራል፤ ቤዙ «ለመመለስዎ ጥርጣሬ አለን» ይባላል፤ ድራመሩ መልሱን ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ያገኛል። ፍራንክፈርት አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር ሲቆም፣ ተመልካቹ «ምነው ሙዚቃው ሳሳ?» ብሎ ዘፋኙን ይቦጭቃል። አቀናባሪው ማን እንደሆነ ፖስተሩ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሐሜት ባልመጣ ነበር።

አዝማሪው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ጭራ። ከዚህ ላይ ምን ይቀንሱለታል? ምናልባት ደጋኑ ተፈቅዶለት ማሲንቆው ተጨማሪ ሰነድ ይጠየቅ ይሆናል።