ድልድይ ለምኔ?

እ.ኤ.አ. በ1297 ስኮትላንዳውያን ስተርሊንግ ላይ የእንግሊዝን ጦር ድል የመቱት በድልድይ ነው። ድልድዩ ጠባብ ስለነበር ፈረሰኛው የሚሻገረው ሁለት ሁለት ሆኖ ነበር። ዊሊያም ዋላስና የጦር አጋሩ አንድሪው መሪ ከፊሉ ጠላት እስኪሻገር ታገሡና ወረዱበት፤ የተሻገረው መመለሻ አጣ፣ ማዶ የቀረውም ቆሞ ከማየት በቀር የሚረዳበት መንገድ አልነበረውም።

ሜል ጊብሰን በ1995 የዋላስን ፊልም «ብሬቭሃርት»ን ሲሠራ ድልድዩን ተወው። የምን መጨናነቅ! ሜዳ ሞልቶ የለ? ከድልድዩ ጋር አንድሪው መሪም ተረሳ፤ አንድ ፖስተር ለሁለት ጀግና ይጠባል።

ለአለባበሱ ግን ተጨንቀውበታል። ተዋጊዎቹ የታጠቁት ሽርጥ ከዋላስ ዘመን ወደ 300 ዓመት ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ፊታቸውን የተቀቡት ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ከዋላስ ሺህ ዓመት በፊት የቀረ። ሲደማመር መሐል ላይ ስለሚገናኝ ይመስላል፣ ፊልሙ ከወሰዳቸው አምስት ኦስካሮች አንዱ የሜካፕ ሆነ።

ይህ ሁሉ ከፍቅሩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በፊልሙ ልዕልት ኢዛቤላ ከዋላስ ታረግዛለች። ዋላስ ለንደን ላይ የተገደለው በ1305 ነው፤ ኢዛቤላ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ኤድዋርድ የተዳረችው በ1308፣ የበኩር ልጇን የወለደችው በ1312። የሰባት ዓመት እርግዝና! ጀግና ማለት እንዲህ ነው።

«ፊልም እኮ ነው፣ የታሪክ ትምህርት አይደለም» ይላሉ ጠበቆቹ። እውነት ነው። ታዲያ ለምን ባለታሪኩን አንድ የፈጠራ ስም አላወጡለትም? ምክንያቱም የፈጠራ ስም ትኬት አይሸጥም። የዋላስ ስም ግን ዝግጁ ነው፣ ኪራይ አይከፈልበትም፤ ሙት ደግሞ ፍርድ ቤት አይሄድም።

በ2000 የወጣው «ዩ-571» እንኳ ከዚህ ይሻላል። አሜሪካውያን መርከበኞች ከጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ላይ «ኢኒግማ» የተባለውን የምስጢር መልእክት መሣሪያ ሲማርኩ ያሳያል። በግንቦት 1941 ከዩ-110 ላይ መሣሪያውን የማረኩት የብሪታኒያዋ «ቡልዶግ» መርከበኞች ነበሩ፤ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ለመግባት ገና ሰባት ወር ይቀራት ነበር። የወቅቱ የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ፓርላማ ውስጥ ተጠይቀው፣ ፊልሙ ለመርከበኞቹ መታሰቢያ ክብረ ነክ ነው በሚለው ተስማሙ። ክሱ ግን ትንሽ በዝቷል። ፊልሙ የብሪታኒያውያኑን ድርሻ መች ካደ? ታሪኩ ካለቀ በኋላ፣ ተመልካቹ ፈንዲሻውን ከጭኑ አራግፎ ወደ በሩ ሲጋፋ፣ ስክሪኑ ላይ በጽሑፍ አስፍሮታል።