ሞተር ሲሸጥልን ኪሎአችንን የሚጠይቅ የለም

ሞተር ልንገዛ ስንገባ የምንጠየቀው ብዙ ነው። መታወቂያ አምጡ፣ ቀለም ምረጡ፣ ክፍያው በባንክ ነው በእጅ? ስንት ኪሎ ናችሁ የሚል ሻጭ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ገዝተን ከወጣን በኋላ ኮረኮንቹ ላይ ወገባችን ሲላቀቅ፣ የኋላው ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር ሲፋተግ፣ ማታ መብራታችን መንገዱን ትቶ የዛፍ ጫፍ ሲያበራ ያን ጊዜ ነው ኪሎአችን የሚነሳው። የሚነሳውም ለመፍትሔ አይደለም። «ጋሼ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነ፤ እርስዎ ትንሽ ቢቀንሱ ነው የሚሻለው» ይሉናል። ሰለቸን።

እኔ 94 ኪሎ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ 55 አይሞላም። ሁለታችንም የምንነዳው አንድ ዓይነት ሞተር ነው፤ ሞላው አንድ፣ ሾክ አብዞርበሩ አንድ። እኔ ጉብታ በተሻገርኩ ቁጥር ሾኩ መጨረሻው ድረስ ገብቶ «ቋ!» ይላል። እሱ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ሞላው አልታዘዝ ብሎት ከወንበሩ እየተነሳ ይነጥራል። እሱን «ብላ፣ ወፍር» ይሉታል፤ እኔን «ቀንስ» ይሉኛል። ሁለት ጤነኛ ሰው ለአንድ ሞላ ሲባል ሰውነቱን እንዲለውጥ ይመከራል፤ ሞላውን እንለውጥ የሚል ግን የለም።

ፋብሪካው ለእያንዳንዳችን ለይቶ እንዲሠራ አይጠበቅም፤ ይህን የሚክድ የለም። የሆነ መካከለኛ ሰው አስቦ ነው የሚሠራው። አውሮፓውያን በሞተር ሳይክል ደንባቸው አንድን ነጂ 75 ኪሎ ብለው ይቆጥሩታል። የእኛ አገር ሞተር ግን አንድ ነጂ ብቻ ተሸክሞ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። በደቡብ ከተሞች ሰው አፈናጦ ሲመላለስ የሚውለውን አስቡት። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ክብደቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የኋላውን ሞላ ነው የሚጫነው። ገበያ ቀን ደግሞ በሰውዬው ላይ ግማሽ ኩንታል እህል ይጨመራል። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞሩት የግብርና ባለሙያዎችም ያው ናቸው፤ ያማሃ ኤጂ 100 ዓይነቱን ለገጠር የታሰበ ሞተር ያገኙት ዕድለኞች ሲሆኑ የቀሩት ለአስፋልት በተሠራ ሞተር ነው ዳገት ቁልቁለቱን የሚወጡት የሚወርዱት። አያቶቻችን በቅሎ ሲጭኑ ኮርቻውን፣ ግላሱን፣ የተቀማጩን ክብደት አይተው ነበር መቀነቻውን የሚያጠብቁት። እኛ ከዚያ ያነሰ እንጠነቀቃለን።

መካኒክ ጋ ስንሄድ መልሱ አንድ ነው፦ «ይጠንከርልዎት።» ከሾኩ ግርጌ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ደረጃ አለው። በጥፍራም ቁልፍ፣ ቁልፉ ከጠፋም (ሁልጊዜ ጠፍቷል) በመዶሻና በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እየቀጠቀጡ ወደ መጨረሻው ደረጃ ያዞሩታል። ከዚያ «አሁን ጠንካራ ሆኗል» ብለው ሂሳብ ይቀበላሉ። አልጠነከረም! ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ፣ ስንት ጋራዥ እንዳልሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ቀለበቱ ሲዞር ሞላው ገና ከመነሻው በመጠኑ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ወንበሩም ከፍ ይላል። ይኸው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ ትናንት ስንት ኪሎ ይፈልግ ከነበረ ዛሬም የሚፈልገው ያንኑ ነው። የሞላን ጥንካሬ የሚወስኑት የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ስፋትና የጥቅሎቹ ብዛት ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ የትኛውም ቁልፍ አይለውጣቸውም።

ሞላው ለነጂው ይስማማ እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁመው የኋላው ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል፣ ከጎማው አክስል እስከ ወንበሩ ሥር ካለ አንድ ምልክት ይለካሉ። ከዚያ ከማቆሚያው አውርደው ባዶውን ሞተር ይለካሉ። በመጨረሻ ነጂው ሄልሜቱንና ጃኬቱን እንዳደረገ ሲቀመጥበት ይለካሉ። ሰው ሲቀመጥበት ሞተሩ ጎማው ከሚንቀሳቀስበት ርቀት ሲሶ ገደማ ቢወርድ ደኅና ነው፤ ጎማው 100 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ 30 ያህል ማለት ነው። ባዶውንም ቢሆን ጥቂት መውረድ አለበት። ቀለበቱ እስከ መጨረሻ ዞሮ፣ ነጂው ሲቀመጥ ልኩ ትክክል መጥቶ፣ ባዶው ሞተር ግን ምንም ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሞላው ለዚያ ሰው ለስላሳ ነው፤ መቀየር አለበት። ብዙዎቻችን የምንነዳው እንዲህ ያለውን ሞተር ነው። ልኬቱ ከሻይ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲለካ ያየሁት ጋራዥ ግን የለም።

የፊቱ ሹካ ላይ የሚሠራው ደግሞ የባሰ ነው። ፍሬን ስንይዝ ፊቱ ይሰጥማል ስንል ቱቦውን ከፍተው ከሞላው በላይ የተቆረጠ የብረት ቧንቧ ይከቱበታል። ያው የቀለበቱ ታሪክ ነው፤ ከፍ አደረገው እንጂ አላጠነከረውም። ሌላው «ዘይት እናወፍረው» ይልና ለሹካ የሚሆነውን ቀጭን ዘይት አፍስሶ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ይሞላል። ሞላ ይሸከማል፣ ዘይት ያረግባል፤ የአንዱን ሥራ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ዘይቱ ሲወፍር ሹካው ይሰንፋል፤ ጎማው የኮብልስቶኑን ወጣ ገባ መከተል ያቅተውና መንገዱን እየነካ እየለቀቀ ይሄዳል። በዝናብ ቀን ይህ ምን እንደሚያደርግ የወደቀ ያውቀዋል። ሦስተኛው ከሌላ ሞተር የወጣ ወፍራም ሞላ አምጥቶ፣ ቶርኖ ቤት አስቆርጦ፣ ያረጀው ሾክ ላይ ይገጥመዋል። ሞላው አሁን በእርግጥ ጠነከረ፤ ውስጥ ያለው ማርገቢያ ግን ለደካማው ሞላ የተሠራ ስለሆነ፣ ኦይል ሲሉም ካረጀ ቆይቶ ዘይቱን ስላንጠባጠበ፣ የተጨመቀው ሞላ ሲመለስ የሚይዘው የለም። ነጂውን ያነጥረዋል። ርካሾቹ ሾኮች ደግሞ አብዛኞቹ ተፈትተው እንዲጠገኑ ተደርገው የተሠሩ አይደሉም፤ ስለዚህ ትክክለኛው መፍትሔ ሞላውን ከነሾኩ ለክብደት በሚስማማ መቀየር ነው።

ይቀየር ስንል ደግሞ የት ይገኛል? መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደን ስንጠይቅ የሚመጣልን ያው የፋብሪካው ዓይነት ነው፤ ወይም እሱን የሚመስል ከእሱ የደከመ። «ጠንከር ያለ ሞላ ያለው» ስንል ቀለሙን ያሳዩናል፤ ቀይ የተቀባው ጠንካራ ነው ይሉናል። የሞላው ጥንካሬ በኪሎና በሚሊ ሜትር ተጽፎ ያየሁበት ካርቶን የለም። በሌላው ዓለም ይህ ተራ ነገር ነው። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን የስዊድኑን ኦሊንስ የመሰሉ አምራቾች ለአንድ ሞተር የተለያየ ጥንካሬ ያላቸውን ሞላዎች አዘጋጅተው፣ የነጂውን ኪሎ ጠይቀው ነው የሚሸጡት። ዋጋው ከባድ ነው ቢባል የታይላንዱን ዋይኤስኤስ የመሰሉ ረከስ ያሉም አሉ። እኛ ግን ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ እየለመንን፣ እሱም ብረቱ ሻንጣውን ሞላው እያለ እያማረረ፣ ጥንድ ሾክ እንደ ብርቅ እናስመጣለን። ዘመድ የሌለውስ?

በእኛም በሞተረኞቹ አዝናለሁ። ለጡሩምባ፣ ለሚያብረቀርቅ መስታወት፣ ለሚጮህ ማርሚታ፣ ለወንበር ቆዳ ገንዘብ አይጠፋም። ሾክ ሲባል «እስኪሰበር ይሥራ» ነው። ሾክ እኮ ሳይሰበር ነው የሚሞተው፤ በየቀኑ ጥቂት እየደከመ ስለሚሄድ እኛም አብረነው እንለምደዋለን። የኋላው ሲሰጥም የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ ኩርባ ላይ መሪው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። አደጋው ሲደርስ የሚጻፈው ፍጥነት ነው።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። አስመጪዎች፣ እባካችሁ በብዛት ለምትሸጡት ሞተር እንኳ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጥንካሬ ያለው ሞላ አምጡ፤ ጥንካሬውንም ካርቶኑ ላይ በቁጥር ጻፉበት። የሙያ ማሠልጠኛዎች፣ ልጆቹ ሞተር ማውረድ ሲማሩ ሞላ መለካትንም ይማሩ። መካኒኮች፣ መዶሻውን ከማንሳታችሁ በፊት ሜትሩን አንሱ። እናንተም ሞተረኛ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ስትገቡ ኪሎአችሁን ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ሳይለካ ቀለበት የሚያዞርላችሁን ሂሳብ አትክፈሉት።